ደሴ ላይ መርከብ መሥራት

ደሴ ከ«ደሴት» የምትለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ከባሕር ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። «መርከብ እየሠራሁ ነው» ያልኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ጠረጴዛዬን ሲያይ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ክር ማን ቋጠረው?» ይላል።

ነገሩ የሞዴል መርከብ ሥራ ይባላል። በታሪክ የታወቀ የሸራ መርከብን በልክ አሳንሶ፣ ክፍል በክፍል መገጣጠም ነው። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ተቆራርጦ በካርቶን ከሚመጣው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ቅርጹ የወጣለት ኮምፔርሳቶ፣ እስር እስር ስስ እንጨት፣ የክር ጥቅል፣ ጥቃቅን መድፎችና ጠረጴዛ የሚሸፍን ፕላን አለ። የፕላስቲክም አለ። እሱ ማጣበቅና ቀለም መቀባት ነው፤ አይከፋም። የእንጨቱ ግን የለየለት አናጢነት ነው። ደሴ ውስጥ ካርቶኑን የሚሸጥ ሱቅ አጋጥሞኝ አያውቅም። የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ዘመድ ደግሞ ኪሎ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ልመና አለበት።

ካርቶኑ ላይ 1፡64 ወይም 1፡100 ዓይነት ቁጥር ይጻፋል። 1፡100 ማለት የእውነተኛው መርከብ 1 ሜትር እዚህ 1 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ የክብሪት እንጨት ግማሽ አይሞላም።

በብዛት ከሚሠሩት አንዷ የእንግሊዟ «ቪክቶሪ» ናት። በ1765 ውሃ ላይ ወረደች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1805 አድሚራል ኔልሰን ትራፋልጋር ላይ የተዋጋባት እሷ ናት። ዛሬም ፖርትስማውዝ ቆማለች። ገመዷ ሲዘረጋ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይባላል። ማራቶን በሉት። ከቻይና ሻይ ታመላልስ የነበረችው «ከቲ ሳርክ» ደግሞ የ1869 ሥራ ናት።

የእኔ ምርጫ ግን የስዊድኗ «ቫሳ» ናት። በ1628 ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ፣ በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ሰጠመች። 64 መድፍ ጭናለች፤ ከላይ ከብዳ ከታች ቀልላለች። ነፋስ ገፋ ሲያደርጋት ዘመም አለች፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ። በ1961 ከ333 ዓመት በኋላ ወጣች። የባልቲክ ባሕር ጨው ትንሽ ስለሆነ እንጨት የሚበላው የባሕር ትል እዚያ አይኖርም፤ እሷም ሳትበላ ቆየች። ለሞዴል ሠሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የምትቀዳው መርከብ ቁጭ ብላ ስለምትታይ «በግምት ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም።

ዕቃ የለኝም ለሚልም መልስ አለ። በናፖሊዮን ጦርነቶች ዘመን እንግሊዝ አገር የታሰሩ ፈረንሳውያን ከቀለባቸው በተረፈ የበግና የበሬ አጥንት ሞዴል መርከብ ሠርተው ይሸጡ ነበር። ዛሬ ሥራዎቻቸው ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ሥራው ከአከርካሪው ይጀምራል። በእሱ ላይ ጎድኖቹ ይሰካሉ፤ በጎድኖቹ ላይ ስስ ጣውላ ይለበጣል። ብዙ ጊዜ ልብሱ ሁለት ነው፤ መጀመሪያ 1.5 ሚሊ ሜትር ለስላሳ እንጨት፣ ከላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ዋልነት የሚባል ጠንካራ እንጨት። ጣውላው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በሙቀት ይጎብጣል። እኔ የእህቴን የፀጉር መተኮሻ ነው የምጠቀመው፤ እስካሁን አላወቀችም። አንድ ጣውላ በቀኝ ከተጣበቀ ቀጣዩ በግራ መሆን አለበት። አንዱን ጎን ጨርሼ ወደ ሌላው ልሂድ ያለ ሰው አከርካሪው ይጣመምበታል። የመጀመሪያዋ መርከቤ አፍንጫዋ ወደ ግራ እንደዞረ ቀረች። መያዣው የልብስ መቆንጠጫ ነው፤ ማስተካከያው ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት። የእንጨት ሚስማር ሲያልቅ የቀርከሃ ስንጥር ይበቃል።

ኮላው ግን የአገሩን አየር ያውቃል። ደሴ ነሐሴ ላይ ጉም ሲወርድ ማታ ያጣበቅኩት ጣውላ ጠዋት እንደ ሳሙና ተንሸራትቶ አገኘሁት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ኮላው ቶሎ ይጨብጣል። በተራው ደግሞ እንጨቱ ደርቆ ይሰበሰብና በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት ይወጣል።

ዕድሜ የሚበላው ገመዱ ነው። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት ጥቁር ናቸው፤ እውነተኞቹ ሬንጅ ስለሚቀቡ ነው። ሸራ የሚስቡት ነጣ ያሉ ናቸው። ክሩ ፀጉሩ እንዲተኛ በሰም ይታሻል፤ የጧፍ ቁራጭ በትክክል ይሠራል። ከዚያ መርከበኛ የሚወጣበት የገመድ መሰላል ይመጣል። ከመሰላሉ ኋላ የደብተር ወረቀት ትለጥፋለህ። በመስመሩ ላይ አንድ እርከን፣ በመስመሮቹ መሃል አንድ። እያንዳንዱ መገናኛ ላይ በወረንጦ አንድ ቋጠሮ፣ በላዩ በውሃ የቀጠነ ኮላ ጠብታ። ክሩ ከጠበቀ ዳርና ዳር ያሉት ገመዶች ወደ ውስጥ ይሳባሉ፤ መሰላሉ መቀነት የታሰረ ወገብ ይመስላል። ያን ጊዜ ምላጭ አንስቶ ቆርጦ እንደገና ነው። በአንድ ምሽት ሦስት እርከን ከጨረስኩ ደህና ዋልኩ እላለሁ።

ያለቀችው መርከብ በመስታወት ሳጥን ትገባለች፤ ገመድ ላይ ያረፈ አቧራ ክር ሳይበጥሱ አይጠረግም። የእኔዋን ኮምቦልቻ ላለ የአጎቴ ልጅ ሳወርድ በሚኒባስ ጭኔ ላይ አልበቃ አለች። ረዳቱ ሳጥኑን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለኝ። ከፈልኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በየመታጠፊያው ሳጥኑን በሁለት እጄ አቅፌ ነበር። አንድ ምሰሶ ብቻ ተነቃነቀ። ኮምቦልቻም ደረቅ ወደብ አላትና፣ መርከቧ ወደብ ገባች።