የሙዚቃ ቴሌቪዥን ምንድን ነው?

የሙዚቃ ቴሌቪዥን ሲባል በዜናና በድራማ መሀል ዘፈን ጣል የሚያደርግ ጣቢያ ማለት አይደለም። እንደ ሬዲዮ ቀንና ሌሊት ዘፈን የሚያፈራርቅ፣ ዘፈኑን ግን ከነምስሉ፣ እኛ «ክሊፕ» በምንለው መልክ የሚያቀርብ፣ በመሀሉም ቪጄ የተባሉ አቅራቢዎች ብቅ እያሉ የሚያዋዙት ጣቢያ ነው። አሠራሩን ለዓለም ያስለመደው የአሜሪካው ኤምቲቪ ሲሆን፣ ሥርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1981 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ ነው። የመጀመሪያው ክሊፕ በግልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ዘፈን ነበር፤ ርእሱም «ቪዲዮ የሬዲዮውን ኮከብ ገደለው» እንደማለት ነው። የሚገርመው፣ ጣቢያው ኒው ዮርክ ውስጥ ሆኖ በማንሃተን የኬብል መስመር ላይ ስላልነበረ፣ ሠራተኞቹ የገዛ ሥራቸውን ለማየት ወንዝ ተሻግረው ኒው ጀርሲ ወደሚገኝ ምግብ ቤት ለመሄድ ተገደዱ።

የንግዱ ብልሃት ወጪው ላይ ነበር። ክሊፑን የሚያሠሩት የሙዚቃ አሳታሚዎች ስለነበሩ ጣቢያው ሸቀጡን በነፃ እያገኘ የማስታወቂያ ሰዓት ይሸጥበታል፤ አሳታሚው ደግሞ ክሊፑ በታየ ቁጥር ሸክላውና ካሴቱ ይሸጥለታል። ይሁንና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጣቢያው የሮክ ጣቢያ ነኝ በሚል ሰበብ ጥቁር ዘፋኞችን እምብዛም አያሳይም ነበር፤ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊም በ1983 እዚያው ጣቢያ ላይ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት ምክንያቱ ምን እንደሆነ ጠያቂውን መልሶ አፋጥጦታል። በዚያው ዓመት የማይክል ጃክሰን «ቢሊ ጂን» ተላለፈ፤ በዓመቱ መጨረሻ የወጣው፣ 14 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው «ትሪለር» ደግሞ ክሊፕ ከማስታወቂያነት አልፎ ራሱን የቻለ አጭር ፊልም ሊሆን እንደሚችል አሳየ።

ለሙዚቃ ቴሌቪዥን ውድቀት ብዙ ሰው በ2005 የተከፈተውን ዩቲዩብን ተጠያቂ ያደርጋል። በእኔ አስተያየት ግን ነቀርሳው ቀድሞም ክሊፑ ውስጥ ነበር፤ ክሊፕ በሦስትና በአራት ደቂቃ ስለሚያልቅ፣ የሚቀጥለውን ያልወደደ ተመልካች ሪሞቱን አንሥቶ ይሄዳል፣ ማስታወቂያ አስነጋሪው ደግሞ የሚፈልገው ግማሽ ሰዓት ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው ነው። ኤምቲቪ በ1992 የማይተዋወቁ ሰባት ወጣቶችን በአንድ የኒው ዮርክ ቤት አስገብቶ ኑሯቸውንና ጠባቸውን መቅረጽ ሲጀምር፣ ያን ተመልካች አገኘው፤ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ በየዓመቱ ቦታ እየለቀቀ ሄደ። ዩቲዩብ የደረሰው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው፤ የፈለጉትን ክሊፕ በፈለጉት ሰዓት የማየት ዕድል ሲመጣ ተራ የሚጠብቅ ጠፋ። በ2010 «የሙዚቃ ቴሌቪዥን» የሚሉት ቃላት ከጣቢያው ዓርማ ላይ ተነሡ። በ2025 ማብቂያ በብሪታንያ ክሊፕ ብቻ ያሳዩ የነበሩት የኤምቲቪ ቻናሎች ሲዘጉ፣ ዋናው ኤምቲቪ ግን የሰዎችን ኑሮ የሚቀርጹትን የሪያሊቲ ፕሮግራሞቹን ይዞ ቀጠለ።