ታማ የምታስታምም እህት

ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት ውስጥ ፈጥነን የምናልፈው አንድ ታማሚ አለ፤ አፍሮዲጡ ይባላል። ጳውሎስ እስር ላይ ሳለ ቤተ ክርስቲያኗ ስጦታ አስይዛ እንዲያገለግለው ላከችው። ሊያገለግል ሄዶ ታመመ፣ ለሞትም ቀረበ። ጳውሎስ ስለ እርሱ ሲጽፍ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣውም። «እምነቱ ስለ ጎደለ ነው» አላለም፤ «ሥራ አጓደለብኝ» ብሎም አላማረረም። ወንድሜ ይለዋል፤ ከእኔ ጋር ሠራተኛና ወታደር ይለዋል። እግዚአብሔር አፍሮዲጡን ሲምረው ለእኔም ነው የራራልኝ ይላል፤ «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ»። ታማሚው ራሱ ደግሞ የተጨነቀው መታመሙን ስለ ሰሙት ወገኖቹ ነበር (ፊልጵስዩስ 2፥25-30)።

ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር አንዲት እህታችን ትታወሰኛለች። ስሟን አልጠራም፤ እርሷም አትወድም። በሕፃናት ክፍል ለዓመታት ያገለገለች ነርስ ናት፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመምም አለባት። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። በእርጅና ከሚመጣው የጉልበት ሕመም ይለያል፤ በወጣትነትም ይይዛል፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፣ ብዙ ጊዜም ከእጅና ከእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይጀምራል። ጠዋት ስትነሣ ጣቶቿ ደርቀው አልታጠፍ ይሏታል። እስኪፍታቱ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከሕመሙ ይልቅ የሚከብዳት ግን ድካሙ ነው፤ ተኝታ ብትነሣም የማይለቃት ድካም።

ሥራዋ ደግሞ በእጅ የሚሠራ ነው። የሕፃን የደም ሥር ቀጭን ነው። ካኑላ፣ ማለትም መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ በደም ሥር ለማስገባት የሚወራጨውን ክንድ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መርፌውን በእርጋታ መምራት ያስፈልጋል። የመድኃኒት ብልቃጥ መክፈት፣ ሲሪንጅ መሳብና መግፋት፣ ሕፃን አንሥቶ መመዘን፣ ሁሉም ጣት ይፈልጋል። የልጅ መድኃኒት በክብደቱ፣ በኪሎ ተሰልቶ ነው የሚሰጠው፤ በስሌቱ ላይ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን ትንፋሹ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ሁለት ወር ከሞላው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ይባላል፤ የሳንባ ምች ሊሆንም ይችላል። ያን ደቂቃ እየጸለየች ልታሳልፈው አትችልም፤ ቁጥሩ ይጠፋባታል። ስለዚህ መቁጠሩን ራሱን በጌታ ፊት ታደርገዋለች። «የምታደርጉትን ሁሉ ለጌታ እንደምታደርጉ ሆናችሁ አድርጉት» የሚለው የቆላስይስ ትምህርት እንዲህ ባለ ቦታ ሥጋ ሲለብስ ማየት እወዳለሁ። ሕፃኑ አያመሰግናትም፤ እንዲያውም መርፌ የያዘችውን እጅ አይቶ ያለቅሳል። እርሷ ግን ቆጠራውን አታሳጥርም።

ወገኖች ሆይ፣ እንዲህ ላለች እህት የምንናገረውን እንጠንቀቅ። «ጌታን እያገለገልሽ እንዴት ትታመሚያለሽ?» የሚል ጥያቄ ከአማኝ አፍ ሲወጣ ከጣት ቁርጥማት ይብሳል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ መለሰላቸው (ዮሐንስ 9፥3)። ከገላው የተወሰደ ጨርቅ እንኳ ድውዮችን ይፈውስ የነበረው ጳውሎስ (የሐዋርያት ሥራ 19፥12) ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው (2 ጢሞቴዎስ 4፥20)። ልጄ የሚለው ጢሞቴዎስም ብዙ ጊዜ ይታመም ነበር፤ ለሆዱ የሚሆነውን መከረው እንጂ ንስሐ ግባ አላለውም (1 ጢሞቴዎስ 5፥23)። በሕፃናት ክፍል ለምትሠራ ሰው ይህ ነገር ይበልጥ ግልጽ ነው። በካንሰር የተያዘ የሦስት ዓመት ልጅ አልጋ አጠገብ ቆሞ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ማለት የሚችል ልብ ከየት ይመጣል?

እህታችን ፈውስን መለመኗን አልተወችም። ጳውሎስም የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለምኗል። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነበር (2 ቆሮንቶስ 12፥9)። ብዙዎቻችን ይህን ጥቅስ ሌላውን ዝም ለማሰኘት እንጠቀምበታለን። ቃሉ ግን መጀመሪያ የመጣው ለለማኙ ለራሱ፣ ከጌታ አፍ ነው። ሌላው ሰው ገና እየለመነ ሳለ በእርሱ ፈንታ «ይበቃሻል» ብለን የምንወስን እኛ አይደለንም። ከእርሷ ጋር መለመን የእኛ ድርሻ ነው።

መድኃኒቷንም ትወስዳለች። ለዚህ ሕመም በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ ቢወሰድ ለሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የተሳሳተውን የመከላከያ ኃይል ጋብ ስለሚያደርጉ ኢንፌክሽን በቀላሉ እንዲይዛት መንገድ ይከፍታሉ። የምትውለው ደግሞ ከሚያስሉና ትኩሳት ካላቸው ልጆች ጋር ነው። ስለዚህ ጭንብሏንና ጓንቷን፣ በየአልጋው መካከል እጅ መታጠቧን አትዘልም። ይህን አለማመን ነው የሚሉ አሉ። እናቶችን ሁሉ «የታዘዘለትን ሳያቋርጥ ይጨርስ» የምትል ነርስ፣ የራሷን ኪኒን ብትጥል ምስክርነቷ ምን ይሆን ነበር? ሐኪሙ ሉቃስ ከጳውሎስ ጎን ያልተለየ ሰው ነበር፤ ጳውሎስም «የተወደደው ሐኪም» ብሎ ነው የጠራው (ቆላስይስ 4፥14)።

ሕመሟን ግን በረከት ብዬ አልጠራውም። ሕመም ሕመም ነው፤ ጌታችን በሽተኞችን ሲያገኝ ፈወሳቸው እንጂ በሽታቸውን አላመሰገነም። ነገር ግን እግዚአብሔር በመከራ ሁሉ የሚያጽናናን እኛም በመከራ ያሉትን እንድናጽናና ነው ይላል ቃሉ (2 ቆሮንቶስ 1፥4)። ይህ በእርሷ ላይ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ። ይህ ዓይነቱ የመገጣጠሚያ ብግነት ልጆችንም ይይዛል፤ 16 ዓመት ሳይሞላቸው የሚጀምር የራሱ ዓይነት አለው። እንዲህ ያለ ልጅ ጠዋት ያነክሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይሮጣል። አዋቂዎች ይህን ሲያዩ ሰነፈ ወይም አስመሰለ ይሉታል። እርሷ ግን «ጠዋት ጠዋት እግሩ እንቢ ይለዋል» የሚል እናት ስትሰማ ነገሩን በገዛ ጣቶቿ ታውቀዋለች፤ ቁጭ ብላ ጠይቃ ለሐኪሙ ታስታውቃለች። ልጁ «ያመኛል» ሲላት ታምነዋለች። ሳይጮኽና ሳያለቅስ የተናገረውን ሕመም የሚያምንለት ሰው ማግኘት ለአንድ ልጅ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ፣ ታሞ ያልታመነ ሰው ብቻ ነው የሚረዳው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነጥብ ልምጣ። በመካከላችን የአገልጋይ ክብር ደክሞ በማለቁ የሚለካ ይመስለናል። «እስከ ደም ጠብታ» እያልን የታመመውን ሰው ሳያርፍ እንዲሠራ እናጨበጭብለታለን። እህታችን መጀመሪያ ላይ ሕመሟን ደብቃ ትሠራ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይቸገር ብላ። የለወጣት የልጆቹ ነገር ነው። እጇ ባበጠበት ቀን ካኑላ ለማስገባት ብትሞክር የሚሠቃየው ሕፃኑ ነው። ድካሙ አእምሮዋን ባደነዘዘበት ሌሊት ብቻዋን ብታሰላ ስሕተቱን የሚከፍለው ሌላ ነው። ስለዚህ መናገር ጀመረች። «ዛሬ እጄ አይታዘዝም፣ መርፌውን አንቺ አስገቢ፣ እኔ ልጁን ልያዝ።» «ይህን ስሌት ከእኔ ጋር አስሊው።» እንደ ኢንሱሊን ያለ አደገኛ መድኃኒት በሁለት ነርሶች የሚረጋገጠው ጤነኛም ስለሚሳሳት ነው። እርሷ በዚህ አሠራር ውስጥ ትሕትናን ተማረች። እኔ ይህን ከጾምና ከጸሎት ባልተናነሰ የቅድስና ሥራ አድርጌ አየዋለሁ፤ የጎደለኝን እውነቱን ተናግሬ ልጁን ከጉዳት መጠበቅ።

ኤልያስን አስቡት። ከቀርሜሎስ ድል በኋላ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር መልአኩን ሲልክለት በመጀመሪያ የመጣለት ስብከት አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ፣ እንቅልፍም ነበር። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው (1 ነገሥት 19፥7)። የጥሪው መንገድ ሩቅ ስለሆነ ነው ማረፍ ያስፈለገው። ጌታችንም የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣ በኋላ የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ (ማርቆስ 5፥43)። ከእንዲህ ካለ ተአምር በኋላ እንኳ የልጅቷ ረኀብ አልተረሳም። ሥጋችን ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ጌታ፣ የነርሷን ዕረፍት እንደ ክህደት አይቆጥርባትም።

የነርስነት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ወደ ክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞች የሄደችው በ1854 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። በዓመቱ እዚያው በጽኑ ታመመች፤ ከተመለሰች በኋላም ለብዙ ዓመታት ከቤትና ከአልጋ ጋር ያያዛት ሕመም ተከተላት። ይሁን እንጂ በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ በስሟ በተሰበሰበ ገንዘብ ተከፈተ፤ ደብዳቤዋና ምክሯም ከአልጋዋ እየወጡ ሆስፒታሎች እንዴት መሠራት እንዳለባቸው ያስተምሩ ነበር። እስከ 1910 ድረስም ኖረች። በዎርድ መካከል መቆም ባልቻለችበት ዘመን ሥራዋ አላቆመም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ።

እህታችንም አንድ ቀን የሌሊት ተራውን፣ ምናልባትም ዎርዱን ራሱን መተው ይኖርባት ይሆናል። ክትባት ወደሚሰጥበት ወይም አዲስ ነርሶች ወደሚሠለጥኑበት ቦታ ልትዛወር ትችላለች። ያኔ «ጥሪዋን ጣለች» የሚል እንዳይገኝ ከአሁኑ እንስማማ። ጳውሎስ አፍሮዲጡን ወደ ላኪዎቹ ሲመልሰው ሥራውን ሳይጨርስ መጣ ብለው እንዳያፍሩበት አስቀድሞ ጻፈላቸው፦ «በሙሉ ደስታ በጌታ ተቀበሉት፥ እርሱን የሚመስሉትንም አክብሩአቸው።»

ማክበሩ በተግባር ይሁን። በየጉባኤያችን ሥር የሰደደ ሕመም ይዘው የሚያገለግሉ ነርሶች አሉ። ከሌሊት ተራ ወጥተው ከጉባኤ ሲቀሩ ስማቸው የሚነሣው በቀሪነት እንዳይሆን። «ምነው ጠፋሽ?» ከማለት «በዚህ ሳምንት የትኛው ቀን ይከብድሻል?» ብለን እንጠይቅና ያን ቀን ምግብ ሠርተን እናድርስላቸው፤ ልብስ እናጥብላቸው፤ ልጆቻቸውን እናውልላቸው። ለሐኪም ቀጠሮ ብቻዋን የምትሄድ ካለች አንዳችን አብረናት እንሂድ። ስንጸልይላትም ሕመሟን በስሙ እንጥራው፤ የምታስታምማቸውን ልጆችም አብረን እናንሣ፣ እርሷ መጀመሪያ የምትጠይቀን ስለ እነርሱ ነውና።