እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፦ ግሸን ላይ የመነኮሱት ፒያኒስት

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። አዲስ አበባ ተወልደው ኢየሩሳሌም አረፉ። ስለ እሳቸው በአማርኛ ሰብሰብ ብሎ የተጻፈ ነገር ስፈልግ የማገኘው ቁርጥራጭ ነው። ስለ ስዊዘርላንድ በደንብ ይወራል፣ ስለ ኢየሩሳሌም በደንብ ይወራል፤ ስለ ወሎ ግን «አሥር ዓመት ገዳም ቆዩ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። ያቺ አንዲት መስመር ሁሌ ትከነክነኛለች፤ ይህን ያጠናቀርኩትም ለዚያ ነው።

የዓለም ስማቸው የውብዳር ገብሩ ነው። የተወለዱት በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩ፣ በአውሮፓ የተማሩ ሰው ናቸው። የውብዳር ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ከእህታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ስንዱ ገብሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957ቱ ምርጫ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ናቸው። ትንሿ የውብዳር ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያው ስዊዘርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 አገራቸው ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 ቤተሰቡ ተይዞ መጀመሪያ አዚናራ ወደምትባል ደሴት፣ ቀጥሎ ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ ተጋዘ። ከቤተሰባቸው በወረራው የተገደሉም አሉ።

ከነፃነት በኋላ ለትምህርት ካይሮ ሄዱ። መምህራቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊኒስት ነበር። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር ይባላል፤ አራቱን ቫዮሊን፣ አምስቱን ፒያኖ። የካይሮ ሙቀት ግን ጤናቸውን ጎዳው። ቀዝቀዝ ወዳለው አገራቸው ሲመለሱ መምህሩም አብሯቸው መጣና የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል መሪ ሆነ። እሳቸውም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና እዚያው ክብር ዘበኛ በቢሮ ሥራ አገልግለዋል።

ከዚያ ሕይወታቸውን የቀየረው ነገር መጣ። ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል አገኙ። መሄድ ግን ተከለከሉ። ማን ከለከላቸው በሚለው ላይ ወሬው አንድ አይደለም፤ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው የሚሉ አሉ፣ እማሆይ ግን ሲጠየቁ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው ማለፍን መርጠዋል። በሐዘን እህል አልቀምስም አሉ፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ሊሞቱ ነው ሲባል ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ብዙ ሰዓት ተኝተው ሲነቁ ልባቸው ተረጋግቶ ነበር። ፒያኖውን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ቦታውን ያውቁት ነበር፤ ቀደም ሲል ከእናታቸው ጋር ተሳልመውታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ግሸን ደብረ ከርቤ በደቡብ ወሎ አምባሰል ውስጥ ያለች፣ አናቷ የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጌታ መስቀል ክፋይ፣ ግማደ መስቀሉ፣ ያረፈው እዚያ ነው። መጽሐፈ ጤፉትም እዚያ ነው ያለው፤ ስሙ የወጣለት ፊደሉ እንደ ጤፍ በመድቀቁ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ዙፋን እንዳይመኙ የተባሉ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁባት ነበረች። መስከረም 21 ሲደርስ ወሎ ብቻ ሳይሆን አገር ይነቀላል። እኔ መጀመሪያ የወጣሁት በልጅነቴ ከአያቴ ጋር ነው። እማማ ጫማቸውን ከታች አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ጭቃው በእግር ጣት መሀል ይወጣል፣ ጉም ሲመጣ ፊት ለፊትህ ያለው ሰው ጀርባ እንኳ አይታይም። እኔ በአንድ ቀን እግሬን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። እማሆይ አሥር ዓመት ነው በዚያ መሬት ላይ በባዶ እግር የኖሩት።

በ19 ዓመታቸው ገብተው በ21 ዓመታቸው መነኮሱ የሚለው የተለመደው ነው። ከካይሮው ጊዜ ጋር ሲደመር ዓመቶቹ ይጣበባሉ፤ ለእኔ ትንሽ ዘግየት ያለ ይመስለኛል። የማያከራክረው ግን እማሆይ የሚለውን ማዕረግና ጽጌ ማርያም የሚለውን ስም ግሸን ላይ መቀበላቸው ነው። ዓለም የሚያውቃቸው በዚህ ስም ነው። ወሎ ባይወልዳቸውም ስማቸውን የሰጣቸው ወሎ ነው። የኖሩት ከጭቃና ከድንጋይ በተሠራች ጎጆ ነው። በእርጅናቸው ለአንድ ጋዜጠኛ ስለዚያ ጊዜ ሲናገሩ ጫማ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ጸሎት ብቻ ነው ብለዋል። መጨረሻ ላይ እግራቸው ታመመና አዲስ አበባ ወደ እናታቸው ተመለሱ። ፒያኖ እንደገና የነኩት ያኔ ነው።

ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀው ከተማችን ናት፣ አምባሰል ደግሞ ግሸን ያለችበት አገር ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው፤ አምባሰል ላይ ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ስለሆነ ገና ሲጀምር ሆድ ያባባል። ግሸን ላይ ሙዚቃ አልነበረም ካሉ አልነበረም፤ እሳቸው ያሉትን አላጣምምም። ግን ከስዊዘርላንድና ከካይሮ የመጣ ጆሮ አሥር ዓመት ሙሉ ማኅሌትና ሰዓታት ሲሰማ ከረመ። የቀኝ እጃቸውን ስሙት። አንድ ድምፅ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ዙሪያውን ይንቀጠቀጣል፣ ይመለሳል፣ ይረግጠዋል። የዜማ ተማሪ ቢሰማው ርክርክ፣ ድምፅ የሚያንቀጠቅጠው የዜማ ምልክት፣ ነው የሚለው። ግራ እጃቸው ከታች እንደ አውሮፓ ቫልስ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ምቱ እንደ ትንፋሽ ነው፤ አንዴ ይረዝማል አንዴ ያጥራል። ጃዝ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ተማሩ። የቆሎ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅ መሬት ላይ ሲያድሩ ያዩት ያኔ ነው። ገንዘብ የላቸውም፣ ያላቸው ሙዚቃ ነው። በእሱ ሊረዱ ቆረጡ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን በንጉሡ እርዳታ ታተመ (1963 የሚል አለ፤ እሱ የተቀዳበት ይመስላል)። በኋላ የመጡት ሸክላዎች ገቢም ለችግረኞችና ወላጅ ላጡ ልጆች ነበር።

እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው ደብረ ገነት የኢትዮጵያ ገዳም ገቡ። እስከ መጨረሻው እዚያው በትንሽ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ኖሩ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ ቁጥሩን እ.ኤ.አ. በ2006 ለእሳቸው ሲሰጥ ነው ዓለም ያወቃቸው። ዕድሜያቸው 82 ደርሶ ነበር። ኋላ አንዲት እስራኤላዊት ፒያኒስት ዘንድ በእጃቸው የጻፉትን የኖታ ወረቀት በፌስታል ሞልተው አመጡላት፤ ከዚያ ተለቅሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በመጽሐፍ ታተመ። ተማሪ ሰብስበው ክፍል ውስጥ ያስተማሩ መምህር ባይሆኑም፣ ያ መጽሐፍ ዛሬ ፒያኖ የሚማር ልጅ ፊት የሚቀመጥ ነው። ደሴ ላይ አንድ ልጅ በኪቦርድ ሲለማመደው ሰምቻለሁ። ሶስቴ ተሳሳተ፣ አራተኛው ላይ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጡን ያዘው።

እማሆይ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ቤታቸው ቁጭ ብለው በቴፕ የቀዱት ወጣ። እዚያ ላይ ፒያኖ ብቻ አይደለም፤ በአማርኛ ይዘምራሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ አብሮ ይሰማል።