ቤተ ክርስቲያን ስትረዳ፦ የሚባለውና እውነታው

ጎርፍ፣ ድርቅ ወይም የሥራ መጥፋት አንድን አካባቢ ሲመታ፣ የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለመርዳት ይሰለፋሉ። ስለ እነሱ የሚባለው ግን ሁሉም ልክ አይደለም።

«የሚረዱት የራሳቸውን ምዕመን ነው፤ ካልሆነም ሃይማኖት ለማስቀየር ነው።»
ስጋቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በእህል ነፍስ ሊገዙ የሞከሩ ነበሩ። ደንቡ ግን ይህን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ በዘርና በሃይማኖት ሳይለይ በችግሩ ልክ ይሰጥ፣ የእምነት ማራመጃም አይሁን ይላል። ደንቡን ካወጡት መካከል ካሪታስ (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእርዳታ ድርጅቶች ኅብረት)፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ይገኙበታል። ስለዚህ እርዳታ ፈላጊዎችን የሚመዘግበው ሰው መጠየቅ ያለበት «ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ? ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የታመመ አለ?» ብሎ ነው። «የት ነው የምትጸልዩት?» ካለ ተሳስቷል፤ አቤት ማለት ይገባል። ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው እምነቱን አልጠየቀውም።

«ገንዘብ ከሰጠኸው ይጠጣበታል።»
እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጡት በአብዛኛው አልጨመረም። እናት ለልጇ መድኃኒት ይቅደም ወይስ የቤት ኪራይ፣ ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ያረጀ ልብስም ቢሆን ይጠቅማቸዋል።»
ሳይጠየቅ የመጣ ልብስ መጋዘን ይሞላል፤ የሚለየው ሰው ይፈልጋል። መጀመሪያ ምን እንደጎደለ ጠይቁ።

«ለአስተዳደር የሚወጣ ገንዘብ ከድሃ አፍ የተነጠቀ ነው።»
ምዝበራ ሲኖር በእርግጥ ነጠቃ ነው። ግን ጭነት፣ ማከማቻና ሒሳብ ያዥ በነጻ አይገኙም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ፣ በዕለታዊው እደላ አንዳንድ መበለቶች ተዘለሉ የሚል ቅሬታ ተነሣ። መፍትሔው በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎችን ለሥራው መሾም ነበር። ጥሩ አስተዳደር ባይኖር የሚዘለሉት ሁልጊዜ ድምፅ የሌላቸው ናቸው።

«እርዳታ የሚቀበል ሰነፍ ነው።»
ሰብሉ በጎርፍ የተወሰደበት ገበሬ አምና ለጎረቤቱ ያበድር የነበረ ሰው ሊሆን ይችላል። ያው የ1994ቱ ደንብ ተጎጂዎች በማስታወቂያ ላይ ክብር እንዳላቸው ሰዎች እንዲታዩ ያዝዛል። እኔ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ዱቄት ተሸክሞ የቆመን አባት ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ፤ እምቢ ካለም ዱቄቱን ይዞ በሰላም ይሂድ።