የሰፈር ሱቅና የማኅበር ንግድ በአዲስ አበባ ዳርቻ

የሰፈር ሱቅ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ሆኖ የዕለት ፍጆታ ሸቀጦችን የሚቸረችር አነስተኛ የንግድ ቤት ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ጀሞ ባሉት የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች፣ እንዲሁም በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በገላንና በለገጣፎ ለገዳዲ፣ ከጉሊቱ፣ ከወፍጮ ቤቱና ከሸማቾች ማኅበሩ ጋር ሆኖ የነዋሪውን ጓዳ የሚሞላው ይኸው ሱቅ ነው። መርካቶ ዋጋው የቀነሰ ቢሆንም ለአንድ ሊትር ዘይት ብሎ ሁለትና ሦስት ታክሲ የሚቀያይር ሰው የለም።

የሱቁ ጥንካሬ ቆንጥሮ በመሸጡ ላይ ነው። ዘይት በኩባያ ተለክቶ ደንበኛው ባመጣው ጠርሙስ ይገለበጣል፤ እንቁላልና ሻማ በፍሬ፣ ስኳርና ቡና በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ይሸጣል። በዚህ አሻሻጥ ኪሎው ሲሰላ ከጅምላው ይወደዳል፤ ይሁንና ውሎ ገብ ሠራተኛ በእጁ ያለው የዕለቱ ገንዘብ ብቻ በመሆኑ ሌላ ምርጫ የለውም። የዕለቱም ገንዘብ ሲጠፋ ዱቤ አለ። ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር በሚያኖራት ደብተር ላይ የደንበኛውን ስም፣ ስሙን ካላወቀም «ሦስተኛ ፎቅ» ወይም «የአቡሽ እናት» ብሎ ይጽፍና ዕቃውንና ዋጋውን ከሥሩ ይደረድራል፤ ደመወዝ ሲወጣ ሒሳቡ ተደምሮ ይከፈልና ገጹ ይሰረዛል። ወለድ የለውም፣ ዋስም አይጠየቅበትም፤ ማስያዣው ተበዳሪው ነገም በዚያው በር ማለፉ ነው።

ይህ አሠራር የሚያዋጣው ዋጋ ሲረጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዋጋ እንዲህ በሚጨምርበት ጊዜ በወሩ መጀመሪያ በዱቤ የወጣ ካርቶን ሳሙና፣ ገንዘቡ በወሩ መጨረሻ ሲሰበሰብ፣ ያንኑ ካርቶን መልሶ አይገዛም። ደብተሩ ላይ ትርፍ ይታያል፤ መደርደሪያው ግን እየሳሳ ይሄዳል። በመሆኑም የሰፈሩን ሱቅ መደገፍ ለሚሻ ነዋሪ፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ዱቤውን በቀኑ ከመክፈል የሚበልጥ ውለታ የለም።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ይህን ትውውቅ አፍርሶ እንደገና አስጀምሮታል። ከመሀል ከተማ ወደ ዳርቻ የሄደው ቤተሰብ ለዓመታት የሚያበድረውን ባለሱቅ ትቶ መጥቷል፤ ምድር ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች ደግሞ በጨረታ ስለተሸጡ ብዙውን ጊዜ አሸናፊው ራሱ አይነግድባቸውም፣ ያከራያቸዋል። ኪራዩን የማይችለው ነጋዴ ኮንቴይነር ያቆማል ወይም ሸራ ይወጥራል፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ ነው።

ሱቅን በማኅበር የመያዝ ልምድ ከቀበሌ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በኋላ በተቋቋሙት ቀበሌዎች ኅብረት ሱቆች ተከፍተው ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በራሽን ካርድ ያድሉ ነበር። የዛሬዎቹ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን ነዋሪው በፈቃዱ ዕጣ (የአባልነት ድርሻ) ገዝቶ የሚገባባቸው ናቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ኋላም በተካው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመሩ ሲሆን፣ አባሉ የቱንም ያህል ዕጣ ቢይዝ ድምፁ አንድ ነው። በሥራ ላይ ሲታዩ ግን ስኳርና የፓልም ዘይት ሲመጣ ሰልፉ ይረዝማል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ከገበሬ ማኅበራት በቀጥታ ጤፍና ሽንኩርት የሚያስመጡት ዋጋን ያረጋጋሉ፤ የመንግሥትን ኮታ ብቻ የሚጠብቁት ኮታው ሲቋረጥ በራቸውን ይዘጋሉ።

ካፒታልን በተመለከተ ከባንክ ይልቅ ዕቁብ ይቀርባል። በርበሬ ቀንጥሰው፣ ደልዘውና አስፈጭተው በኪሎ የሚሸጡ፣ ሽሮ የሚያዘጋጁና እንጀራ ለሱቆች የሚያስረክቡ ሴቶች ዕጣ ሲወጣላቸው የሚገዙት በአዝመራ ወቅት የሚረክሰውን ጥሬ ዕቃ ነው፤ ዕጣው ዘግይቶ ሲደርስ ግን ወቅቱ ያልፋል፣ ስለዚህ የዕቁቡን ዳኛ ለምኖ ወይም ለባለዕጣው ጉርሻ ሰጥቶ ተራ መቀየር የተለመደ ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ክፍያውን አቅልሎታል፤ የዱቤ ደብተሩን ግን አልተካውም።

የእሁድ ገበያ አምራቹን ከሸማቹ ስላገናኘ ለአትክልት ገዢው በእርግጥ ጠቅሞታል። ለሰፈሩ ባለሱቅ ግን እጅ በእጅ የሚከፈለው ገንዘብ ወደዚያ ሄዶበታል። በ2016 ዓ.ም. በወጣ የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ለኢትዮጵያውያን ተከልሎ የነበረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ተፈቅዷል። ትልልቅ መደብሮች ወደ ዳርቻው ከመጡ አስቀድመው የሚወስዱት የወር አስቤዛውን በአንድ ጊዜ የሚሸምተውን ደመወዝተኛ ነው፤ ለሰፈሩ ሱቅ የሚተርፈው በኩባያ የሚገዛውና በደብተር የሚጻፍለት ደንበኛ ይሆናል፤ እሱን ለመሸከም የሚያስችለው ገንዘብ ደግሞ ይመጣ የነበረው ከደመወዝተኛው ነው።