ከባትሪ የሚጎድለው ውሃ ነው እንጂ አሲድ አይደለም

ባትሪ መጠገን ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። «አሲዱ ቀንሷልና አሲድ ጨምርልኝ» ሳልባል የዋልኩበት ሳምንት አላስታውስም። አልጨምርም።

ውሃ በሚጨመርበት የመኪናም ሆነ የሶላር ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሰልፈሪክ አሲድና የውሃ ድብልቅ ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ፣ በተለይ ከ14.4 ቮልት ሲያልፍ፣ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየተከፈለ ይወጣል። አሲዱ ግን እዚያው ይቀራል። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

«ሃይድሮሜትሩ ዝቅ ብሏል እኮ!» ይሉኛል። ሃይድሮሜትር የባትሪው ፈሳሽ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ የሚለካ መሣሪያ ነው። ዝቅ ያለው ባትሪው ባዶ ስለሆነ ነው። ባትሪ ኃይል ሲሰጥ ፈሳሹ ውስጥ የተነከሩት ፕሌቶች (ዝርግ ሰሌዳዎች)፣ ቡናማው የእርሳስ ዳይኦክሳይድም ግራጫው የእርሳስም፣ ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ። ሰልፌቱ የሚመጣው ከአሲዱ ነው፤ በምትኩ ውሃ ይፈጠራል። ሲሞላ 1.28 አካባቢ የነበረው ንባብ ወደ 1.12 የሚወርደው ለዚህ ነው። አሲዱ አልጠፋም፤ ፕሌቱ ላይ ታስሮ ቻርጅ ይጠብቃል። በላዩ ሌላ አሲድ ስታፈሱበት ንባቡ ያምራል፤ ባትሪው ግን ቅንጣት ኃይል አላገኘም። በኋላ ቻርጅ ሲደረግ የታሰረው ሲመለስ ድብልቁ ከልክ በላይ ይከርርና ፕሌቱን የተሸከመውን ፍርግርግ ይበላዋል።

አንድ የሶላር ባትሪ ገና ዓመት ሳይሞላው መጣልኝ። ሦስት ጊዜ አሲድ ተጨምሮበታል። ስከፍተው ቡናማው ፕሌት በጣቴ ስነካው እንደ ቡና አተላ ረገፈ። ባለቤቱ ገንዘቡን ያጠራቀመው ልጆቹ ማታ እንዲያጠኑበት ነበር።

የቧንቧ ውሃም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ብረት በሁለቱ ፕሌቶች መካከል እየተመላለሰ ባትሪው ሳይሠራ እንዲደክም ያደርገዋል።

ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥስ? ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው፤ ምንም አይሆንም። የሚያደክመው ሳይሞላ ቆሞ መክረሙ ነው።

የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ኃይል አይሞላም። ሙቀቱ በውስጡ ያለውን የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ኬሚካላዊ አጸፋ ያፋጥንና የቀረችውን ጥቂት ኃይል ያወጣታል፤ ሬዲዮው ትንሽ ተናግሮ ዝም ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ባትሪውን ነፋስ በሚገባበት፣ እሳት በሌለበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጉ። የተጣራ የባትሪ ውሃ እስከ ምልክቱ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሌቱ ከፈሳሹ በላይ ወጥቶ ከሆነ ብቻ ቀድማችሁ እስኪሸፈን ድረስ ጨምሩ። ሞልቶም ንባቡ ካልወጣ አሲድ ፍለጋ አትሂዱ፤ ባትሪውን ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።