ዋሺንግተን፦ ከእንግሊዝ መንደር የተነሳ የቤተሰብ ስምና የደረሰበት ሁሉ

ዋሺንግተን ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ከተማው ነው፤ ካልሆነም የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት። ስሙ ግን ሁለቱንም ይቀድማል። መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ያለች የአንዲት መንደር ስም ነበር፤ ቀጥሎ መንደሯን የያዘው ባላባት መጠሪያው አደረገው። በአገሩ በእንግሊዝ እስከ ዛሬ ብርቅ ነው፤ እንደ ስሚዝና እንደ ጆንስ በየሰፈሩ አታገኙትም። አሜሪካ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። በ2000 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ163 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ዋሺንግተን በሚል የቤተሰብ ስም ተመዝግበዋል፤ ከመቶው ዘጠና ያህሉ ደግሞ ጥቁሮች ናቸው። የእንግሊዝ ባላባቶች ስም በባርነት የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ስም ሆኗል ማለት ነው። እንዴት እዚህ እንደደረሰ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሯ ያለችው በኒውካስልና በሰንደርላንድ መካከል ነው። ድሮ በደርሃም አውራጃ ሥር ነበረች። በ1964 አዲስ ከተማ እንድትሆን ከተወሰነ ወዲህ ዙሪያዋ በመኖሪያ ሰፈርና በፋብሪካ ተሞልቷል፤ የጥንቱ እምብርት ግን፣ ቤተክርስቲያኑና «ኦልድ ሆል» የሚባለው የባላባቱ ቤት፣ አሁንም አለ። ስያሜው ከአንግሎ ሳክሰኖች ዘመን የወረደ ነው። ሊቃውንቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ፍቺ «የህዋሳ ወገኖች ሰፈር» የሚል ነው፤ ህዋሳ የሰው ስም መሆኑ ነው። በድሮ መዛግብት በብዛት ዌሲንግተን ተብሎ ይጻፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በደቡብ እንግሊዝ ሳሴክስ ውስጥም ዋሺንግተን የምትባል ሌላ መንደር አለች። ስለዚህ ይህ ስም ያለው እንግሊዛዊ ሁሉ የግድ ከአንድ ግንድ የመጣ አይደለም።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ቋሚ የቤተሰብ ስም ገና አልጸናም ነበር። ባላባቱ በያዘው መሬት ይጠራል፤ መሬቱ ሲለወጥ ስሙም አብሮ ይለወጣል። በየትውልዱ የአባት ስም እየተቀየረ ለምንኖር ለእኛ ይህ ብዙም እንግዳ አይመስልም። ዊልያም ደ ሃርትበርን የሚባል ሰው በስቶክተን አጠገብ ሃርትበርን የምትባል ይዞታ ነበረችው። እሷን ለደርሃም ጳጳስ ለቀቀና በምትኩ ዌሲንግተንን ወሰደ። ከዚያ በኋላ መጠሪያው ዊልያም ደ ዌሲንግተን ሆነ።

ይህን ልውውጥ የምናውቀው ቦልደን መጽሐፍ ከሚባለው መዝገብ ነው። የደርሃሙ ጳጳስ በ1183 ያሠራው የግብር መዝገብ ሲሆን፣ በግዛቱ ውስጥ ማን የቱን መሬት እንደያዘ፣ ምን እንደሚገብርና ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ መንደር በመንደር ይዘረዝራል። ስለ ዊልያም የሰፈረው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ቤተክርስቲያኑና የቤተክርስቲያኑ መሬት ሳይጨመሩ ዌሲንግተንን ይዟል፤ የያዘው ሃርትበርንን ለቆ ነው፤ 4 ፓውንድ ይገብራል፤ ጳጳሱ ታላቁን አደን ሲወጣ አዳኝ ውሾች ይዞ ይከተላል። በቃ ይኸው ነው። ሰውዬው ሃርትበርን ላይ ረግቶ ቢቀር ኖሮ የአሜሪካ ዋና ከተማ ዛሬ ሌላ ስም ይኖራት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ይበተናል። አንዱ ዘር እዚያው ደርሃም ቀረ፤ ከስሙ ተሸካሚዎች አንዱ ጆን ከ1416 እስከ 1446 የደርሃም ካቴድራል ገዳም አለቃ ነበር። ሌላው ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ላንክሻየር ውስጥ ዋርተን በሚባል መንደር ሰፈረ። የዋርተን ቤተክርስቲያን ግንብ ላይ የቤተሰቡ ዓርማ ተቀርጾ ይታያል፤ ሦስት ኮከብ ከላይ፣ ሁለት አግድም መስመር ከታች። ይህን ዓርማ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዋርተን የወጣው ሎውረንስ ዋሺንግተን ቤተሰቡን ከፍ ያደረገ ሰው ነው። ወደ ኖርዝሃምፕተን ሄዶ በበግ ጸጉር ንግድ ከበረ፣ በ1532 የከተማው ከንቲባ ሆነ። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማቱን ዘግቶ ርስታቸውን ሲሸጥ ሎውረንስም እጁን አስገባ። በ1539 ሰልግሬቭ የሚባለውን፣ ቀድሞ የገዳም የነበረ ይዞታ፣ በ324 ፓውንድ ከ14 ሽልንግ ከ10 ፔንስ ገዛ። እዚያ የሠራው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ሎውረንስ ብዙ ልጆች ነበሩት፤ ስሙ ወደ መካከለኛውና ወደ ደቡብ እንግሊዝ የተዘራውም ከዚህ ቤት ነው።

የሰልግሬቩ ሎውረንስ ዘር የሆነ ሌላ ሎውረንስ ደግሞ ቄስ ሆነ። በኦክስፎርድ ተምሮና አስተምሮ ኤሴክስ ውስጥ ፐርሊ የምትባል ደብር ተሾመ። በእንግሊዝ ንጉሥና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ቤተሰቡ ከንጉሡ ጎን ነበር፤ ፓርላማው ደግሞ በ1643 ቄሱን «መጠጥ ቤት ያዘወትራል» ብሎ ከደብሩ አባረረው። ክሱ የፖለቲካ ሽታ አለው፤ በዚያ ጊዜ ለንጉሡ ያደሩ ብዙ ካህናት በተመሳሳይ ሰበብ ነው የተነቀሉት። ሎውረንስ ደህይቶ በ1652 ሞተ። ልጆቹ የሚወርሱት ነገር አልነበራቸውም።

ከልጆቹ አንዱ ጆን የትምባሆ ንግድ ውስጥ ገባ። በ1650ዎቹ አጋማሽ በመርከብ ቨርጂኒያ ደረሰ፤ ለመመለስ ሲነሱ መርከቡ ፖቶማክ ወንዝ ላይ መሬት ነክሶ ተያዘ። መርከቡ ሲጠገን ጆን ላለመመለስ ወሰነ። የአንድ ሀብታም ሰፋሪ ልጅ አገባ፣ አማቱ መሬት ሰጠው፣ ትምባሆ ተከለ። ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ዋሺንግተን የዚህ የጆን የልጅ ልጅ ልጅ ነው። አንድ ስም ወደ አዲስ ዓለም የተሻገረው የአባቱ ደብር በመነጠቁና መርከብ ደለል ላይ በመቆሙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጆርጅ ራሱ ለዘር ቆጠራ ግድ አልነበረውም። በ1790ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ የዓርማ ሹም ስለ ቤተሰቡ ጠይቆ ጽፎለት ነበር፤ ጆርጅ በ1792 ሲመልስ ለዚህ ጉዳይ ብዙም ትኩረት እንዳልሰጠ ነገረው። የእንግሊዙን የዘር ሐረግ በማስረጃ ያያያዘው ሄንሪ ዋተርስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ የድሮ ኑዛዜዎችን እያገላበጠ የደረሰበትን በ1889 አሳተመ።

እስከዚህ ድረስ ስሙ የሄደው በደም ነው። ቀጣዩ ምዕራፍ ግን የደም ጉዳይ አይደለም፤ ለእኔም ከሁሉ የሚከብደው ይህ ክፍል ነው።

ጆርጅ ዋሺንግተን በ1799 ሲሞት ቨርጂኒያ ባለው እርሻው በሞውንት ቨርነን 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። የእሱ የነበሩት 123 ሲሆኑ፣ ሚስቱ ማርታ ከሞተች በኋላ ነጻ እንዲወጡ ተናዘዘ፤ እሷም ሳትሞት በ1801 መጀመሪያ ለቀቀቻቸው። የቀሩት አብዛኞቹ የማርታ የመጀመሪያ ባሏ ውርስ ስለነበሩ ባርነቱ አልተፈታላቸውም። በጋብቻ የተሳሰሩ ቤተሰቦች ለሁለት ተከፈሉ፤ ባል ነጻ ሚስት ባሪያ፣ እናት ነጻ አባት ባሪያ። ብዙ ሰው ጥቁሮቹ ዋሺንግተኖች ከእነዚህ ሰዎች የተወለዱ ይመስለዋል። አይደለም። ከሞውንት ቨርነን ሰዎች ይህን ስም የያዙት ጥቂት ናቸው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት በተዋጋችበት ዘመን ሁሉ ከጆርጅ ጎን ያልተለየው አገልጋዩ ዊልያም እንኳ ሊ የሚለውን ስም ነው የመረጠው፤ ኑዛዜው ራሱ «ራሱን ዊልያም ሊ ብሎ የሚጠራው» እያለ ነው ነጻነቱን የሚሰጠው።

ስሙን ከያዙት ጥቂቶች አንዱ ሃሪ ዋሺንግተን ነው፤ የእሱ ታሪክ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። ጋምቢያ አካባቢ ተወልዶ በባርነት ቨርጂኒያ ደረሰ፣ ጆርጅ በ1763 ገዛው። በ1771 ጠፍቶ ተያዘ። በ1776 እንደገና ጠፋ፤ በዚህ ጊዜ የገባው ጌታው ከሚዋጋቸው ከእንግሊዞች ጦር ነው። ጦርነቱ በ1783 ሲያበቃ እንግሊዞች ከኒውዮርክ በመርከብ ወደ ኖቫ ስኮሺያ (በዛሬዋ ካናዳ) ወሰዱት፤ በ1792 ደግሞ ነጻ ጥቁሮች ፍሪታውንን ሊመሠርቱ ወደ ሴራሊዮን ሲሻገሩ አብሮ ሄደ። እዚያም ዝም አላለም። የቅኝ ግዛቱ ኩባንያ በመሬታቸው ላይ ግብር ሲጥል በ1800 ከተነሱት ዓመፀኞች መካከል ነበር፤ ተይዞ ተጋዘ። አንደኛው ዋሺንግተን አሜሪካን ሲመራ፣ የእሱ ባሪያ የነበረው ሌላው ዋሺንግተን ስሙን ይዞ አፍሪካ ገብቷል።

ትልቁ መስፋፋት የመጣው ባርነት በ1865 ከቀረ በኋላ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም አስፈለጋቸው፤ ለሥራ ውል፣ ለጋብቻ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለምርጫ። ብዙዎቹ በመካከላቸው የሚጠሩበት የቤተሰብ ስም ቀድሞም ነበራቸው፤ ጌቶቻቸው ግን አይጽፉላቸውም ነበር። አንዳንዱ የቀድሞ ጌታውን ስም ያዘ፣ አንዳንዱ በጭራሽ አልፈልግም አለ። ዋሺንግተን የአገሪቱ መሥራች ስም ነው፤ ይህን መርጦ መያዝ እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ ማለት ነበር። ስሙን የያዙት ለባሪያ አሳዳሪዎቻቸው ካላቸው ፍቅር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በበኩሌ ይህን አስተያየት አልቀበልም።

ቡከር ቲ ዋሺንግተንን እንውሰድ። በ1856 ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ፤ ኋላ ተስኪጊ የሚባለውን የጥቁሮች ትምህርት ቤት ከ1881 ጀምሮ የመራው እሱ ነው። ነጻ ከወጡ በኋላ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ስም ይጠራል። ልጆቹ ሁሉ ሁለት፣ አንዳንዶቹ ሦስት ስም አላቸው። እሱ ቡከር ብቻ ነው። ተራው እስኪደርስ አሰበበት፤ ሲጠየቅ «ቡከር ዋሺንግተን» አለ፣ ዕድሜውን ሁሉ እንደዚያ ተባለ። የእንጀራ አባቱ የመጀመሪያ ስም ዋሺንግተን ነበር። እናቱ ታሊያፌሮ የሚል ስም አውጥታለት እንደነበር በኋላ ሲያውቅ ያንን በመሃል አስገባው፤ «ቲ» የምትለው እሷ ናት።

ይህ ሌላ መንገድም ያሳያል፤ ስሙ የመጀመሪያ ስም ሆኖ መጓዙን። የጆርጅ ዝና ሲገን ወላጆች ልጆቻቸውን ዋሺንግተን ማለት ጀመሩ። ልማዱ ደቡብ አሜሪካ ድረስ ዘለቀ፤ ብራዚልን ከ1926 እስከ 1930 የመሩት ፕሬዚዳንት ስማቸው ዋሺንግተን ሉዊስ ነው።

የነጮቹ ዋሺንግተኖች ቁጥር በአንጻሩ ብዙም አላደገም። ጆርጅ የአብራኩ ክፋይ አልነበረውም፤ ዘሩ የቀጠለው በወንድሞቹ ልጆች ነው። ዛሬ በስሙ የሚታወቁት ሰዎች በአብዛኛው ጥቁሮች ናቸው። በ1983 የቺካጎ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የሆነው ሃሮልድ ዋሺንግተን ነው። ተዋናዩ ዴንዘል ዋሺንግተን የተወለደው ኒውዮርክ ውስጥ፣ በጆርጅ እርሻ ስም በተሰየመችው ሞውንት ቨርነን ከተማ ነው። የዋሺንግተን ዲሲ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባም ዋልተር ዋሺንግተን ይባላል፤ በ1967 ተሹሞ ጀመረ፣ ከተማዋ ራሷን የማስተዳደር መብት ስታገኝ ደግሞ በምርጫ አሸንፎ እስከ 1979 ቆየ።

ዲሲን ካነሳን፣ ያ የዋርተን ዓርማ የት እንደደረሰ እንይ። በነጭ መደብ ላይ ሦስት ቀይ ኮከብና ሁለት ቀይ መስመር ያለበት የከተማዋ ባንዲራ በ1938 የጸደቀ ሲሆን፣ ከእንግሊዞቹ ዋሺንግተኖች ዓርማ የተወሰደ ነው። በከተማዋና በአካባቢዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም፣ የሚኖሩ ሐበሾች በየቢሮው በር ላይ የሚያዩት ይህን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኦልድ ሆል በ1930ዎቹ ሊፈርስ ሲል በአካባቢው ሰዎች ጥረት ተረፈ፤ በ1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መንደሯን ጎብኝተው ዛፍ ተክለዋል።

ሁለቱ ዋሺንግተኖች ዘራቸውን ልቁጠር ቢሉ እኩል አይሄዱም። የነጩ ሐረግ በኑዛዜና በርስት ውል ተያይዞ እስከ 1183 ይወርዳል። ጥቁሩ ግን 1870 ላይ ግድግዳ ይገጥመዋል። የደቡብ ጥቁሮች በሙሉ በስም የተመዘገቡበት የመጀመሪያው የፌዴራል ቆጠራ እሱ ነው። በ1850ና በ1860 በባርነት የነበሩት የተቆጠሩት በጌታቸው ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ነው፤ «ወንድ፣ 32፣ ጥቁር» ብሎ ያልፋል። ከዚያ ወደ ኋላ ማለፍ የሚፈልግ ሰው የጌታውን ኑዛዜ፣ የሽያጭ ውልና የግምት ዝርዝር መፈተሽ አለበት። ከሁሉ የሚረዳው ነጻ ለወጡ ሰዎች በ1865 ተቋቁሞ በ1874 የወደቀው የፍሪድማን ባንክ መዝገብ ነው። ሒሳብ የሚከፍተው ሰው የእናቱን፣ የአባቱን፣ የወንድምና የእህቱን ስም፣ የተሸጡትንም ጭምር፣ እንዲናገር ይጠየቅ ነበርና።